ሰንሱል፤ ስለሚታጠፍ የብራና ሥዕል ታሪክ

ሰንሱል የሚባለው ስም ሰንሰለ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም የተያያዘ፥ የተቈራኘ፥ እንደ ሰንሰለት ቀለበት አንዱ ባንዱ የገባ ማለት ነው። ይህን ስም የያዘው ነገር ረጅምና ጠባብ ብራና ሆኖ፥ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ ወደ ውጭ እየታጠፈ፥ በየእጥፉ አንዳንድ ሥዕል የተሣለበት ትንሽ መጽሐፍ ነው። ሲዘጋ በመዳፍ ውስጥ ይገባል፤ ሲዘረጋ ከክንድ ይረዝማል፤ በመደብ ላይ ቢያኖሩትም በእጥፎቹ ማእዘን ተደግፎ ያለ ሌላ ድጋፍ ራሱን ችሎ ይቆማል። ሊቃውንት የወንጌሉንና የድጓውን፥ የስንክሳሩንም ብራና ብዙ ጊዜ ሲያነሡ፥ ይህን ትንሽ ነገር የሚያነሣው ጥቂት ነው። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ በሰንሱል ላይ ያለው ንባብ ከአንዲት መስመር ወይም ከቅዱሱ ስም ብዙ አያልፍምና፥ ለንባብ ሰው የሚያነበው ነገር የለው ይመስለዋል። ነገር ግን ሰንሱል የሚነበበው በሥዕሉና በእጥፉ ነው።

በሌላው ዓለም ማጠፍና መቍረጥ የወረቀት ሥራ ነው። ወረቀት በቻይና አገር ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ105 ዓመት ሳይ ሉን በሚባል የቤተ መንግሥት ሹም እጅ ሥርዐት እንደ ያዘ ይነገራል፤ በዚያም አገር የቡድሃ መነኮሳት ጸሎታቸውን በረጅም ወረቀት ጽፈው እንደ ሰንሱል እያጠፉ ይይዙ ነበር። ባሕር ማዶ በአሜሪካ ምድር የነበሩት ማያ የሚባሉ ሕዝቦች ደግሞ ከዛፍ ልጥ በተሠራ ወረቀት የከዋክብትን መጽሐፍ ጽፈው እንዲሁ አጥፈውታል፤ ዛሬ በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ ያለው ቅጂ 39 ቅጠል ነው፤ ቢዘረጋም ከ3 ሜትር ተኩል ይበልጣል። እነዚህ ሕዝቦች እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ ወደ አንድ ዓይነት እጥፍ መድረሳቸው ሊያስደንቅ አይገባም። ረጅም ነገርን በአጭር ቦታ ለመያዝ የሰው እጅ ያገኘው መንገድ ሁለት ብቻ ነውና፤ መጠቅለል ወይም ማጠፍ።

በኢትዮጵያ ወረቀት ከውጭ የሚመጣ፥ ዘግይቶም የተስፋፋ ነገር ሆኖ ቆይቷል። በወሎ የነበሩ የእስልምና መምህራን መጻሕፍታቸውን በባሕር ማዶ ወረቀት ሲጽፉ፥ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ከፍየልና ከበግ ቆዳ አልተለየም። ስለዚህ በዚህ አገር የማጠፍ ጥበብ ታሪክ የብራና ታሪክ ነው። ይህም ሥራውን አክብዶታል፤ ወረቀት የታጠፈበትን ቦታ ይዞ ይቀራል፥ ብራና ግን ቆዳ ነውና ወደ ቀድሞው መመለስ ይወዳል።

ሥራው እንዲህ ነው። ቆዳው በውሃ ተዘፍዝፎ በእንጨት ክፈፍ ላይ በገመድ ይወጠራል፤ በስተ ውስጥ ያለው ሥጋና ስብ ይፋቃል፥ ጠጉሩም ይላጫል፥ በድንጋይም እየታሸ ይለሰልሳል። ከደረቀ በኋላ በስለት ተቈርጦ ረጅም ጥብጣብ ይወጣለታል። አንድ የፍየል ቆዳ ለረጅም ሰንሱል አይበቃም፤ ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ቍራጭ ጫፍ ለጫፍ ይሰፋል፤ ዐዋቂ ሠራተኛም ስፌቱን በእጥፉ መስመር ላይ ያውለዋል፥ ሥዕሉን እንዳያቋርጥ። ከዚያ በኋላ የእጥፉ ወርድ በአንድ መለኪያ ብቻ ይለካል። በዚህ ላይ ቸልታ የለም፤ እያንዳንዱ እጥፍ የአንዲት ገብስ ውፍረት ያህል ቢሳሳት፥ ሃያ እጥፍ ላይ ሲደርስ ስሕተቱ ጣት የሚያህል ይሆናል፤ መጽሐፉም ሲዘጋ ጠርዙ እንደ አሮጌ አጥር ይንጋደዳል። መጻሕፍት ደጓሽ በትልቁ መጽሐፍ የሚያጠፋውን ጥፋት በገበታና በድጉስ ቆዳ ሊሸፍነው ይችላል፤ በሰንሱል ግን መሸሸጊያ የለም። ካለቀ በኋላ በሁለቱ ጫፍ ቀጭን የእንጨት ገበታ ወይም ቆዳ ይደረግለታል፥ በማኅደርም ገብቶ በአንገት ይንጠለጠላል።

ከዚህ ከእጥፍ ሥራ ሁሉ የሚደነቀው ደግሞ ክቡ ነው። በትግራይ በገርዓልታ፥ ከዐለት በተፈለፈለችው በደብረ ጽዮን ቤተ ክርስቲያን፥ በ15ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ትልቅ የብራና ማራገቢያ አለ። ይህም በየእጥፉ አንድ አንድ ቅዱስ ቆሞ የተሣለበት ረጅም ብራና ሲሆን፥ በአንድ ወገን ጠርዙ ተሰብስቦ የተያዘ ስለ ሆነ፥ ሁለቱን ጫፎች ይዘው ቢያዞሩት እንደ ፀሐይ ክብ ሆኖ ይከፈታል። ከዚሁ ዓይነት በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሠራ ሌላው ዛሬ በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ በዋልተርስ ሙዚየም ይገኛል፤ 38 ሥዕሎች አሉት። ሲከፈት እመቤታችን እጆቿን ለጸሎት ዘርግታ በላይ ትሆናለች፥ መላእክት በግራና በቀኝ፥ ቅዱሳንም በዙሪያዋ ይቆማሉ። እንደዚህ ያለ ማራገቢያ በዓለም የቀረው እጅግ ጥቂት ነው።

የዚህን ነገር ቍጥር ያየ ሰው ሠዓሊው ሒሳብ ዐዋቂም እንደ ነበረ ይረዳል። ክብ ሆኖ እንዲገጥም፥ የብራናው ርዝመት ከወርዱ ስድስት ጊዜ አልፎ ጥቂት መጨመር አለበት፤ ቢያጥር ክቡ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል፥ ቢረዝምም ብራናው ይጨማደዳል። የክብ ዙሪያና የክብ አጋማሽ እንዴት እንደሚገናኙ በመጽሐፍ የተማረም ይሁን፥ በእጁ ሞክሮ ያወቀም ይሁን፥ ውጤቱ ያው ነው። ሥዕሉም ይህን ተከትሎ ይሄዳል፤ የቅዱሳኑ እግር ብራናው ወደሚጠብበት ወደ መካከሉ፥ ፊታቸው ወደሚሰፋው ወደ ዙሪያው ይውላል። ስለዚህ እጥፉ የልብሳቸውን ግርጌ ቢሰበስበውም ፊታቸውን አይሸፍነውም። ሠዓሊው ብራናውን ዘርግቶ በሚሥልበት ጊዜ የሚያየው አንድ ረጅም የሰዎች ሰልፍ ብቻ ነው፤ ክቡን የሚያየው በልቡናው ነው። ቅኔ የቈጠረ ሰው ይህን ያውቃል፤ ገና አፉን ሳይከፍት የመጨረሻውን ቤት መምቻ አስቀድሞ መያዝ አለበትና።

በአውሮፓም አንድ የዚህ ዘመድ አለ። በፈረንሳይ አገር ቱርኑ ከሚባል ገዳም የወጣው፥ አሁን በጣሊያን አገር በፍሎረንስ በባርጄሎ ሙዚየም የሚታየው የ9ኛው መቶ ዓመት የብራና ማራገቢያ ነው። ያም ታጥፎ የቅዱሳን ሥዕል የተሣለበት ነው፤ ቀድሞ በቅዳሴ ጊዜ ዝንብ ከጽዋው እንዲርቅ የሚውለበለብ ነበረ። የኢትዮጵያው ግን ለማውለብለብ ይከብዳል፤ ተከፍቶ ሊታይ፥ በበዓልም ሊያዝ የተሠራ መሆኑ ከመጠኑ ይታወቃል።

ስለ በዓል ከተነሣ ዘመኑን ማስታወስ ይገባል። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓመተ ምሕረት ሲነግሡ፥ ሠላሳ ሦስቱ በዓላተ እግዝእትነ ማርያም እንዲከበሩ፥ ተአምረ ማርያምም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አዘዋል። በዚያው ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ለሥዕለ ማርያምና ለመስቀል አንሰግድም ብለዋል ተብለው ተከሰው ብዙ መከራ ተቀበሉ። በባልቲሞር ያለው ማራገቢያ ግን የተሣለው በእነዚሁ መነኮሳት ገዳም በጕንዳ ጕንዶ የአሣሣል ሥርዐት ነው፤ በራሱም ላይ ያለችው እመቤታችን ናት። የከሳሹንም የተከሳሹንም ነገር የሚያነብ ሰው ይህን ብራና ከክሱ ጽሑፍ አጠገብ አድርጎ ሊመለከተው ይገባዋል።

ይህ ሁሉ የሰሜኑ ነገር ነው። በቤተ አምሐራ፥ ዛሬ ምዕራብ ደቡብ ወሎ በምንለው ደጋ፥ የሆነው ደግሞ የሚታጠፍ ሥዕል ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዳል። ከደሴ ወደ ሰሜን ምዕራብ ቢወጡ ኩታበር ትገኛለች፤ ከእርስዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ አምባሰል፥ በዚያም ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ግሸን አለች፤ በስተ ምዕራብ ተንታና መቅደላ፥ ከዚያም ወዲያ አማራ ሳይንትና ቦረና፥ የቦረናም ከተማ መካነ ሰላም ይከተላሉ። ኩታበር የሚለው ስም ኩታን ይዞአልና፥ ስለ እጥፍ የሚናገር የቅኔ ሰው በዚህ ስም ሳይቆም አያልፍም፤ ኩታም ድርብ ሆኖ የሚለበስ ሸማ ነው። ይህ ግን የቃል ጨዋታ እንጂ የታሪክ ምስክር አይደለም።

ይህ ደጋ በ15ኛው መቶ ዓመትና ከዚያ በኋላ የነገሥታቱ የልብ አገር ነበር። ዐፄ በእደ ማርያም አትሮንሰ ማርያምን አስጊጠዋታል፤ ዐፄ ናዖድ የጀመሩትን መካነ ሥላሴን ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል ፈጽመው ግድግዳውን በወርቅ አልብሰውታል። በ1524 ዓመተ ምሕረት የኢማም አሕመድ ጦር በዚህ ምድር ባለፈ ጊዜ መካነ ሥላሴ ተቃጠለ፤ የሐይቅ ገዳምም ሀብት ተወሰደ። የዘመቻውን ታሪክ በዐረብኛ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ ራሱ ስለ መካነ ሥላሴ ጌጥ እያደነቀ ተናግሯል። እንግዲህ ያ ሁሉ በግድግዳ ላይ የነበረ ሥዕል የት ሄደ? ከግድግዳው ጋር ሄደ። ግድግዳ አይሸሽምና። ከዚያ እሳት የተረፈው ሰው ሊሸከመው የሚችለው ነበር። በሐይቅ የነበረው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በ1273 ዓመተ ምሕረት የተጻፈ ሲሆን እስከ ዛሬ አለ፤ ከዚያ የሚያንሰው ደግሞ ከዚያ ይልቅ ይሸሸጋል። ዋሻ የሚገባ መነኵሴ የቤተ መቅደሱን ግድግዳ ሊያጥፍ አይችልም፤ የሚታጠፈውን ግን በአንገቱ አንጠልጥሎ ይወጣል። ሰንሱል ለዚህ ተብሎ ተፈጠረ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በጦርነትና በስደት መካከል እንዲህ ያለ ነገር እንዲወደድ ያደረገው ይህ ጠባዩ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓመተ ምሕረት ጎንደርን ከቈረቈሩ በኋላ የሥዕል ሥራ እንደገና ሰፋ፤ ሰንሱልም የበዛው በዚህ ዘመንና ከዚህ ወዲህ ነው። መኳንንቱና ወይዛዝርቱ፥ መነኮሳቱም በጕዞ ላይ ለጸሎት ይይዙት ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ምስለ ፍቁር ወልዳና ስቅለቱ፥ ትንሣኤውና ሥላሴ፥ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ፥ ሌሎችም ጻድቃን ይሣሉበታል። ከፊት ያለው ሲያልቅ ብራናው ይገለበጣል፤ በጀርባውም ሌላ ተራ አለ። የሰንሱል ጥበብ በዚህ ተራ ላይ ነው፤ ሁለት እጥፍ ብቻ ገልጦ የሚጸልይ ሰው ሁለት ሥዕል ፊት ለፊት ያያል፤ ሁሉን የሚዘረጋ ግን ከልደት እስከ ትንሣኤ ያለውን መንገድ በአንድ እይታ ይጨርሳል። ትልቁ መጽሐፍ ይህን ማድረግ አይችልም፤ አንዱ ቅጠል ሲገለጥ ሌላው ይሸፈናልና።

ከሰንሱል ጋር ሊደባለቅ የማይገባው ክታብ ነው። ክታብ የሚጠቀለል እንጂ የሚታጠፍ አይደለም፤ ርዝመቱም በሚይዘው ሰው ቁመት ልክ ይቈረጣል፥ በውስጡም ከጸሎት ጋር አስማት ይጻፋል፥ ዐይንና ኮከብ የሚመስል ጠልሰም ይሣልበታል። ቤተ ክርስቲያን ስለ አስማት የምትለው የታወቀ ስለ ሆነ እዚህ መድገም አያሻም። ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ማኅደር ዓይነት፥ በአንድ አንገት ላይ ስለሚንጠለጠሉ፥ የውጭ አገር ሰዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ስም ጠርተዋቸዋል።

ወደ ወሎ ደጋ እንመለስ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሊሠሩ ዐስበው፥ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ወደዚያ አምጥተው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት፥ በፋሲካ ማግስት፥ አምባው በጄኔራል ናፒየር ጦር ተያዘ፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ሞቱ። ወታደሮቹ ያገኙትን ሁሉ ዘረፉ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ምርኮው ከበሽሎ ማዶ በደላንታ ሜዳ ተሰብስቦ በጨረታ ተሸጠ። ከብሪታንያ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ የሚባለው ሰው ለሙዚየሙ ገዛ። ዕቃውን ለመጫን 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈለገ ይባላል። ከመጻሕፍቱ 350 ያህሉ ወደ ሎንዶን ሄዱ፤ ዛሬም በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት አሉ። ዐፄ ዮሐንስ ጽፈው ስለ ጠየቁ አንድ ክብረ ነገሥት በ1865 ዓመተ ምሕረት ተመለሰ፤ አብረው የጠየቁት ኵርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል ግን አልተመለሰም፤ ሆልምስ ለራሱ ይዞት ነበርና።

በዝሆንና በበቅሎ የተጫነው ተቈጥሯል፥ ተመዝግቧል፤ ስለዚህም ዛሬ የት እንዳለ ይታወቃል። በወታደር ኪስና በመኰንን ሻንጣ የገባውን ግን ማን ቈጠረው? የመቅደላ ምርኮ የሆኑ ትንንሽ ነገሮች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ከዘማቾቹ ቤተ ሰብ ቤት እየወጡ ነው። በ2013 ዓመተ ምሕረት በእንግሊዝ አገር ለጨረታ የቀረቡ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች በኢትዮጵያ ኤምባሲ ጥያቄ ከጨረታው ወጥተው ለአገራቸው ተመልሰዋል። ገና ያልወጣው ስንት እንደ ሆነ የቤተ ሰቦቹ ሣጥን ያውቃል።

በዚህ ላይ አማርኛ ራሱ የሚያሳዝን ቅኔ ይዞአል። አጠፈ ማለትና አጠፋ ማለት በአንዲት ፊደል ድምፅ ብቻ ይለያያሉ። ሥራቸው ግን አንድ አይደለም፤ አጠፈ የመጣው ከግእዙ ዐጸፈ ነው፥ ዐጽፍም መጐናጸፊያ ነው፤ አጠፋ ግን ከጠፍአ ነው። አንዱ የሚሸፍንና የሚጠብቅ፥ አንዱ የሚያጐድል። በሰንሱል ታሪክ ግን ሁለቱ ተገናኙ። ከእሳት ያወጣው ትንሽነቱና መታጠፉ፥ ከአገር ያወጣውም ያው ትንሽነቱና መታጠፉ ነው። ዋሻ ለሚገባ መነኵሴ የቀለለው ሸክም ባሕር ለሚሻገር ወታደርም ቀለለው።

ሌላ ጥፋት ደግሞ አለ፤ እርሱም የመቀስ ነው። የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ቅጠላቸው እየተነጠለ፥ አንዱ ሥዕል ለብቻው በመስተዋት ክፈፍ ሆኖ በውጭ አገር ገበያ መሸጡ የታወቀ ነው። ወንጌል ቅጠሉ ቢነጠል ንባቡ ስለሚቋረጥ ጉድለቱ ይታወቃል፤ ፊቱንና ኋላውን የሚያውቅ ሊቅ የት እንደ ጐደለ ይናገራል። ሰንሱል ግን በእጥፉ መስመር ቢቈረጥ የሚጐድል ነገር ያለ አይመስልም። እያንዳንዱ ሥዕል በሐረጉ ተከብቦ ሙሉ ሆኖ ይቀራል፤ ገዥውም አንድ ሙሉ ሥዕል ገዛሁ ብሎ ደስ ይለዋል። የጠፋው ተራው ነው፤ ምስለ ፍቁር ወልዳ ከማን ጋር ፊት ለፊት እንደ ነበረች፥ ከስቅለቱ በኋላ ማን እንደሚከተል፥ ከጀርባው ምን እንደ ነበረ ከእንግዲህ የሚናገር የለም። ከሰንሰለት አንድ ቀለበት ቢወጣ ቀለበት ይባላል እንጂ ሰንሰለት አይባልም።

ፎቶግራፍም ቢሆን በዚህ ነገር ሙሉ ረዳት አይደለም። ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ታላቅ ሥራ ተሠርቷል፤ የሐይቁም ወንጌል በዚያ መዝገብ 1832ኛ ቍጥር ሆኖ ይገኛል። ለንባብ መጻሕፍት ይህ ሥራ የማይከፈል ውለታ ነው። ነገር ግን ገጽ በገጽ የሚነሣ ፎቶግራፍ የሚዘረጋውን ነገር እንደ ተቈራረጠ አድርጎ ያቀርበዋል፤ የሥዕሉን ተራ ያስቀምጥ ይሆናል፥ የእጥፉን ነገር ግን አይናገርም። ሰንሱልን የሚመዘግብ ሰው ተዘግቶም፥ በከፊል ተገልጦም፥ ሙሉ ተዘርግቶም፥ ከጀርባውም ሊያነሣው፤ የእጥፉን ብዛትና ወርድ፥ ስፌቱም በየትኛው እጥፍ ላይ እንደ ዋለ ሊጽፍ ይገባዋል። ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ካልተሠራ ግን ብራናው በተቈረጠ ማግስት ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ሥራው ራሱ ግን አልተቋረጠም። ብራና የሚፍቁ፥ በመቃ ብርዕ የሚጽፉ፥ የሚሥሉም ሰዎች በአማራ ምድር ዛሬም አሉ። በላሊበላና በአክሱም፥ በአዲስ አበባም ባሉ የዕቃ መደብሮች አዲስ የተሠራ ትንሽ ሰንሱል ለእንግዶች ይሸጣል። ቀለሙ ከፋብሪካ የመጣ፥ የቅዱሳኑም ዐይን ከቀድሞው የሰፋ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሥዕሉ የሚተቹ አይጠፉም። አንዳንዱን ግን አንሥቶ ለዘጋው ሰው ጠርዙ ልክ ለልክ ይገጥምለታል፤ ያ የጥንቱ እጅ ነው። ሻጩም ለእንግዳው ገልጦ ያሳየዋል፥ ከዳር እስከ ዳር ዘርግቶ በጠረጴዛው ላይ ያቆምለታል፥ ዋጋውንም ይነግረዋል። እንግዳው ከፍሎ ሲጨርስ አጥፎ በኪሱ ያስገባዋል።